ለልጃችን የኢምቤሌኮ ፍየል ሊታረድ ነው፤ የምፖንዶን ወግ የምታውቁ እርዱኝ

ባለሱቁ_ሉሲኪሲኪ

ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው። ባለቤቴ ምፖንዶ ናት፣ በምሥራቅ ኬፕ ያለ ሕዝብ ነው፤ የወላጆቿ ቤት ከሉሲኪሲኪ ወደ ባሕሩ በኩል ነው። ወንድ ልጃችን አምስት ወር ሞልቶታል። በስምንተኛ ቀኑ ተገርዟል፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቷል። አሁን ዘመዶቿ «በዲሴምበር ኢምቤሌኮ ይደረግለት» ብለው ቀን እየቆረጡ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፍየሉን የሚያቀርበው ማን ነው? በተከራየንበት ቤት ማድረግ ይቻላል ወይስ የግድ እነሱ ጋ? ሎቦላው (ለሴቷ ቤተሰብ የሚከፈለው ጥሎሽ) ግማሹ ተከፍሎ ግማሹ ቀርቷል፣ ይህ ለውጥ ያመጣል? ጠላ የሚመስለውን መጠጥ እኛም እንድንጠምቅ ተጠይቀናል፣ ልኩን የሚያውቅ ይጻፍልኝ። አማቴ ፊቱ ላይ «ትንሽ ብጣት» የሚል ነገር አንሥተዋል፤ ስለ ትንሿ ጣትም የሚወራ አለ። እዚያ ቤት ስገባ ምን ማድረግ፣ ምን አለማድረግ እንዳለብኝም ንገሩኝ። «ባህል ነው፣ ዝም ብለህ ተከተል» የሚል መልስ ግን አይጠቅመኝም።

---

ከምዚምቩቡ_ማዶ

ኢምቤሌኮን እንደ ልደት ድግስ ካየኸው ሁሉም ነገር ይጠፋብሃል። ልጁ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ ለቤቱ ሙታን የሚነገርበት ቀን ነው። ቃሉ «ኡኩቤሌካ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ማዘል ማለት ነው። ድሮ የታረደው ፍየል ቆዳ ተፍቆና ለስልሶ ልጁ ይታዘልበት ነበር፤ አንቀልባ በለው። ስለዚህ የፍየሉም፣ የቦታውም፣ የሎቦላውም ጥያቄ አንድ ላይ የሚፈታው «ልጁ የማን ነው?» በሚለው ነው።

እነሱ ዘንድ ሰው በአባቱ ስም ብቻ አይታወቅም። ኢሲዱኮ የሚባል የጎሳ ስም አለው። ሲመሰገን፣ ሲጽናና፣ ሲለመን የሚጠራው በእሱ ነው። የንጉሡ ቤት ለምሳሌ ኛዉዛ ነው። ጋብቻም በዚሁ ይለካል፦ የአባትህን ጎሳ ወይም የእናትህን ጎሳ አታገባም፣ በብዙ ቤት የሁለቱን ሴት አያቶች ጎሳም ይጨምራሉ። የእኛ «ሰባት ቤት» ትውልድ ሲቆጥር የእነሱ ስም ይቆጥራል። ልጅህ ኢሲዱኮ ከሌለው ነገ ማንን ማግባት እንደሚችል እንኳ የሚነግረው የለም፤ ዘመዶቿ የሚቸኩሉት ለፍየል ሥጋ ጓጉተው አይደለም።

ልማዱ እንዲህ ነው። ለሴቲቱ ቤት ምንም ካልተከፈለ ልጁ የእናቱን ጎሳ ይይዛል፣ ኢምቤሌኮውም በእናቱ አባት ግቢ ይደረጋል። ሎቦላ ተነጋግሮ፣ ተከፍሎ፣ ሙሽራዋ ከተሰጠች ልጁ የአባቱ ነው። የአንተ መሃል ላይ ነው፣ ግማሽ ተከፍሏል። እዚህ ላይ ራስህ አትፍረድ። በሎቦላው ጊዜ የላክኻቸው ሽማግሌዎች (እነሱ ኦኖዛኩዛኩ ይሏቸዋል) ሄደው «ልጁ በየትኛው ቤት ይነገር?» ብለው ይጠይቁ፤ ባዶ እጃቸውን አይሂዱ፣ አፍ መክፈቻ ይያዙ። የቀረው መቼ እንደሚከፈል ሳይናገሩ ስለ ኢምቤሌኮው ብቻ ከጠየቁ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ዕዳውን ልትዘለው የፈለግህ ይመስላል።

እንደምገምተው በእናቱ ቤት ይሁን ይላሉ። አንተ እዚያ አገር የከብት በረትም የአባት መቃብርም የለህም፣ የሚነገረው ነገር ደግሞ ለአንድ ቤት ሙታን ነው የሚነገረው። የኪራይ ቤት የማይሆነውም ለዚህ ነው። ቦታው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ቡህላንቲ (በረቱ) እና ከዋናው ጎጆ ውስጥ ከበሩ ትይዩ ያለው ጓዳ፣ ኤንትላ የሚሉት። እንግዳ ሰው አገሩን ሲጠየቅ «ኢንካባህ የት ነው?» ይባላል፤ እትብትህ የተቀበረው የት ነው ማለት ነው፣ ቃል በቃል የእኛው አነጋገር። የልጁ እትብት ሲወድቅ የት እንደተቀመጠ ባለቤትህን ጠይቃት፤ እናቷ ቀድመው ቀብረውት ከሆነ ግማሹ መልስ ያኔ ተሰጥቷል።

በእናቱ ጎሳ ተነገረ ማለት ልጁን ተነጠቅህ ማለት አይደለም። በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው የአባት ስም ሌላ ነገር ነው፣ አይነካም። ባዕድ ሰው ለእነሱ አዲስ እንዳይመስልህም። በዚያው በሉሲኪሲኪ ዳርቻ፣ በላምባሲ በኩል፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር የጣላቸው ሰዎች እዚያው ቀርተው ወልደዋል። የእነሱ ዘር ዛሬ አቤሉንጉ የሚባል ጎሳ ነው፤ ትርጉሙ «ነጮቹ» ማለት ነው። እንደማንኛውም ጎሳ ፍየል ያርዳሉ፣ ሙታናቸውን ይጠራሉ።

ወደ ፍየሉ እንመለስ። በአባት ቤት ከሆነ ያለ ጥርጥር አንተ ታቀርባለህ። በእናት ቤት ከሆነ አያትየው ከራሱ መንጋ ሊያወጣ ይችላል፣ ግን ቀድመህ «እኔ ላምጣ?» በል፤ እንቢ ቢሉ እንኳ መጠየቅህ ይቆጠርልሃል። በግ አትግዛ። በግ ሲታረድ ዝም ይላል፣ እዚህ ደግሞ የሚፈለገው ጩኸቱ ነው። ጆሮው ያልተቀደደ፣ ቀንዱ ያልተሰበረ፣ የማያነክስ ይሁን። ወንድ ይሁን ሴት፣ ቀለሙስ ምን ይሁን የሚለውን የቤቱን ሽማግሌ ጠይቅ፣ ከቤት ቤት ይለያያል። ነፍሱን ይዞ፣ ቢያንስ ከዋዜማው ይድረስ። ከከተማ ሥጋ ቤት ተቆራርጦ የመጣ ሥጋ ለእንግዶች ተጨማሪ ወጥ ይሆናል እንጂ ለኢምቤሌኮ አይሆንም።

በቀኑ የቤቱ ሽማግሌ በረቱ አጠገብ ቆሞ የጎሳውን የውዳሴ ስሞች በተራ ይጠራል፣ ልጁን በስሙ ያስተዋውቃል። ፍየሉ ቢላ ሲነካው ሲጮህ ሰው ሁሉ «ካማጉ!» ይላል፤ ተቀበሉ፣ ይሁን እንደማለት። (የመጀመሪያዋ ድምፅ «ካ» አይደለችም። ምላስን ከጥርስ ላይ በማላቀቅ የምትወጣ ጠቅታ ናት፣ እኛ ስናዝን ከንፈር እንደምንመጠው ዓይነት። በፊደላችን አትጻፍም።) ከዚያ ከቀኝ ፊት እግሩ ሥር አንዲት ቁራጭ ትወጣለች፣ ኢንትሶኛማ ትባላለች። ያለ ጨው በፍም ላይ ትጠበሳለች። መጀመሪያ የሚቀምሰው ልጁ ነው፣ ሌላው ሥጋ ከዚያ በፊት አይነካም። በብዙ ቤት የቀረው ሥጋ ኤንትላ ጋ ያድርና በማግሥቱ ይቀቀላል። አጥንቱ ተለቅሞ ይቃጠላል፤ ውሻ ይዞት እንዳይሄድ ሕፃናት እየጮሁ ሲያባርሩት ታያለህ። ሳትጠይቅ ሥጋ በፌስታል ቋጥረህ ወደ ከተማ አትመለስ።

---

ጠማቂዋ

ስለ መጠጡ፣ ስለ ኡምቆምቦቲው፣ እኔ ልመልስ። ጠላ አይደለም፣ ጌሾ የለውም። ከቦርዴ ጋር ብታነጻጽረው ይቀርባል፦ ወፈር ያለ፣ የሚያኮመጭጭ፣ ከተጠመቀ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ማለቅ ያለበት።

ለ20 ሊትር ያህል 4 ኪሎ ሸካራ የበቆሎ ዱቄትና 4 ኪሎ የማሽላ ብቅል ዱቄት በቂ ነው። ብቅሉ እዚያ በየሱቁ በከረጢት ይሸጣል፣ አንተም ሳትሸጠው አትቀርም። ብቅሉን ለሁለት ክፈለው፤ ግማሹ ለጥንስስ፣ ግማሹ ለመጨረሻ።

እርዱ ዓርብ ከሆነ ማክሰኞ ማታ ጀምር። በቆሎውንና 2 ኪሎ ብቅሉን በ8 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠህ ሸፍነው፣ ሞቅ ያለ ቦታ ይደር። ረቡዕን ውሎ ሐሙስ ጠዋት አረፋ ማውጣትና መኮምጠጥ አለበት። ከላይ የጠለለውን ሁለት ሦስት ሊትር ቀንሰህ ለብቻው አስቀምጥ፣ እርሾህ እሱ ነው። የቀረውን 10 ሊትር በሚፈላ ውሃ ላይ እየጨመርክ አንድ ሰዓት ያህል አማስል፣ ወፍራም ገንፎ እስኪሆን። ከዚያ እሳቱን ተወውና እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ትኩስ ሳለ ብቅሉንና ያስቀመጠውን ጥንስስ ይጨምርበታል። ትኩሳቱ እርሾውን ይገድለዋል፣ የብቅሉንም ኃይል ያጠፋዋል፣ በማግሥቱ የምታገኘው ጣፋጭ ቀጭን ሙቅ ነው። እጅህን ከታች ድረስ ሰደህ ሞክር፤ ዳሩ ቀዝቅዞ መሃሉ እሳት ሆኖ ይቆያል።

ሐሙስ ማታ የቀዘቀዘውን ከጥንስሱና ከቀሪው 2 ኪሎ ብቅል ጋር በእጅህ አፍረክርከው፣ በብርድ ልብስ ሸፍነው። ክዳኑን አትጠርቅመው፣ ይገነፍላል። ዓርብ ማታ የተለኮሰ ክብሪት ከአፉ አስጠጋ። ቶሎ ከጠፋ እየፈላ ነው፣ ጋዙ ነው የሚያጠፋው። ሳይጠፋ መንደዱን ከቀጠለ ጥቂት ሰዓት ጨምርለት። ከዚያ ታጣራለህ። ድፍድፉን አትጣለው፣ ለዶሮም ለአሳማም ይሆናል። በዲሴምበር ሙቀት ግን ከዚህ ሁሉ ግማሽ ቀን ቀንስ፤ ቅዳሜ ጠዋት ኮምጣጤ ሆኖ የሚገኘው ሰዓቱን እንደ ክረምት የቆጠረ ሰው መጠጥ ነው። የዛገ በርሜልም ተው፣ ጣዕሙ ብረት ብረት ይላል።

ስትሰጣቸው መጀመሪያ ከሰው ፊት አንተ ቅመስ። እኛ ጠላ ስንቀዳ በመዳፍ እንደምንቀምሰው ነው፣ መርዝ የለበትም ማለት ነው። ስትቀበል በሁለት እጅ ተቀበል፣ ቆመህ አትጠጣ። ዕቃው አንድ ነው፣ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል።

---

ነርስ_ምታታ

ወንድሜ፣ ስለ ብጣቱና ስለ ጣቱ።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፊት ላይ በምላጭ ትናንሽ መስመሮች ተበጥተው መድኃኒት ወይም አመድ ይታሽባቸዋል፣ ኡኩቻዛ ይሉታል። ልጁ ሲታመም፣ ሲያለቅስ፣ ክፉ መንፈስ ነክቶታል ሲባል ይደረጋል፤ ከእኛ አገር የቅንድብ ብጣት ብዙ አይርቅም። ሁለተኛው ኢንግቂቲ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ጫፍ፣ የመጨረሻዋ አንጓ፣ ትቆረጣለች። ሁሉም ጎሳ አያደርገውም። የሚያደርገው ጎሳ ግን ልጁ ካልተቆረጠ በሽታ አይለየውም፣ አልጋውን ያረጥባል ብሎ ያምናል።

የብጣቱ አደጋ ከመስመሩ ይልቅ ከምላጩ ነው። በአንድ ቀን አምስት ልጅ በአንድ ምላጭ ይበጣል፤ ኤችአይቪም፣ የጉበት ቫይረስም፣ ቴታነስም በዚያ ይሄዳል። የልጅህን የክትባት ካርድ አውጣና የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ መወጋቱን እይ፤ ቴታነስና ሄፓታይተስ ቢ በእነዚያ ውስጥ ናቸው። አንዱ ከተዘለለ ዛሬ ክሊኒክ ሂድ፣ ለዲሴምበር አታቆየው። ክትባቱ ለኤችአይቪ አይከላከልም፣ ስለዚህ «ተከትቧል፣ ይበጣ» ማለት አይሆንም። የጣቱ ነገር ከዚያ የከበደ ነው፤ አጥንት የሚነካ ቁስል ነው። የአገሩ የሕፃናት ሕግ ልጅን ለጎጂ ልማድ ማጋለጥን ይከለክላል፣ ወላጅ ነህና እንቢ የማለት መብት አለህ።

እንቢታውን ግን በድግሱ ቀን አታድርገው። ዋዜማ ላይ ምላጭ ወጥቶ ሳለ «አይሆንም» ብትል ሴትዮዋን በሰው ፊት ታዋርዳለህ፣ ልጁም አንተ በሌለህበት ቀን ሊበጣ ይችላል። ከአሁኑ ባለቤትህ ለእናቷ ትንገር፣ ሽማግሌዎቹ ፍየሉን ሲነጋገሩ አብረው ይንገሩ፦ ፍየሉ ይታረድ፣ ምላጭ አይነካው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይስማማል፣ ዋናው ፍየሉ ነውና። ሌላ አንድ ነገር፦ ለአራስና ለሕፃን በፊንጢጣ የሚሰጥ የቅጠል መድኃኒት አለ። ይህን ጨርሶ አትፍቀድ። በአምስት ወር ልጅ ላይ ተቅማጥና የውሃ እጥረት አምጥቶ በአንድ ቀን ይገድላል። ኢንትሶኛማውንም ከንፈሩን ያስነኩት፣ እንዲውጥ አያድርጉ፤ ገና ጥርስ የለውም፣ ያንቀዋል። ከንፈር መንካቱ እንደ መቅመስ ይቆጠራል።

ያልጠየቅኸውን ደግሞ ልጨምር፣ ወንድ ልጅ ስላለህ። ልጅህ በስምንት ቀኑ ተገርዟል። ምፖንዶዎች ልጅ ሳለ አይገርዙም። ከጎረቤቶቻቸው ከኮሳዎች በተለየ ግርዛትን ጭራሽ ትተውት ነበር፤ እስከ 1867 ድረስ የኖረው ንጉሥ ፋኩ ነው ያስቀረው። ሲነገር የኖረው ምክንያት በጦርነቱ ዘመን ጎረምሶች ቆስለው ጫካ ሲተኙ ጠላት እንዳይመጣ የሚል ነው። በቅርብ አሥርት ዓመታት ግን ልማዱ በልጆቹ ግፊት ተመልሷል፤ አብሮት ያደገ አዋቂ ግን የለም። አባት ያልሄደበት ነገር ነው፣ ምን ትክክል ምን ስህተት እንደሆነ ልጁን የሚመክረው የለም። በየጁንና በየዲሴምበሩ ከሉሲኪሲኪ፣ ከፍላግስታፍ፣ ከሊቦዴ የሞት ዜና የሚሰማው በዋናነት ከዚህ የተነሣ ነው። አንድም ውሃ ይከለከላሉ፣ «የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ የጠጣ ቁስሉ አይደርቅለትም» ተብሎ፣ ኩላሊታቸው ይቆማል። አንድም ቁስሉ በጣም ጠብቆ ይታሰራል፣ ደም አይደርስም፣ ይጠቁራል፣ ብልቱ ይቆረጣል። የተገረዘ ልጅ እንኳ ዐሥራ አምስት ዐሥራ ስድስት ሲሞላው ጓደኞቹ «ጫካ ያልገባህ፣ ገና ልጅ ነህ» ማለታቸው አይቀርም፤ ከቤት ጠፍተው የሚሄዱት እንዲህ ነው። ከ16 ዓመት በታች በዚህ መንገድ መግረዝ በሕግ ክልክል ነው። የመግረዣው ትምህርት ቤት (ጫካ የሚሉት ቦታ) መመዝገብ አለበት፣ የወላጅ ፈቃድና የሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል። በሆስፒታል የተገረዘበት ወረቀት ካለ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ።

---

ዘ_ቢዛና

ከሁሉ በፊት ቃል እናርም። እነሱን «ኮሳ» አትበላቸው፣ ቅር ይላቸዋል። በትምህርት ቤት የሚማሩት ኮሳ ነው፣ በቤት የሚያወሩት ኢሲምፖንዶ ነው። ይመሳሰላሉ፣ አንድ አይደሉም። ከምታታ ወንዝ እስከ ምታምቩና ያለው አገር የራሱ ንጉሥ የነበረው ነው፤ ከኬፕ ቅኝ ግዛት ጋር የተቀላቀለው በ1894 ነው፣ ከአካባቢው የመጨረሻ ሆኖ። ምዚምቩቡ ወንዝ ሁለት ይከፍላቸዋል፦ ከወዲህ ቃውኬኒ፣ ከወዲያ ኛንዴኒ። የአንተ አማቶች የቃውኬኒ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ቤቱ። ያለህ ስም ምክዌኛና ነው፣ የልጅ ባል። አማትህን በስማቸው አትጥራቸው፤ ያገባች ሴት በተወለደችበት ጎሳ ነው የምትጠራው፣ «ማ» ይቀድመዋል። ከኛዉዛ ቤት የመጡ ከሆኑ «ማኛዉዛ»። ዝም ብሎ «ማማ» ማለትም ይበቃል። ጎጆ ስትገባ ኮፍያ ታወልቃለህ፣ ወንዶች በስተቀኝ ሴቶች በስተግራ ይቀመጣሉ፣ ግን እስኪያመለክቱህ ቁም። ኤንትላ ወዳሉት ጓዳ ዝም ብለህ አትራመድ፣ ዕቃም አታስቀምጥ። በረቱ ውስጥ ወንድ ይገባል፣ አንተ ግን የሌላ ቤት ሰው ነህና እስኪጠሩህ ከአጥሩ ውጪ ጠብቅ።

ለባለቤትህ የሚለወጠውን አስተውል። በአባቷ ቤት ልጅ ናት፣ ነጻ ናት። በባሏ ቤት ግን ማኮቲ ናት፤ ራሷን ትሸፍናለች፣ በረት አትገባም፣ የባሏን አባት ስም ቀርቶ በስሙ ውስጥ ያለውን ድምፅ የያዘ ቃል ሁሉ በሌላ ቃል ትተካለች። ህሎኒፋ የሚሉት ይህ ነው። አባትህ አገር ቤት ስለሆኑ ይህ አልደረሰባችሁም፤ አንድ ቀን እናትህ ሊጠይቋችሁ ቢመጡ ግን ባለቤትህ ቀና ብላ ሳታያቸው፣ ተንበርክካ ሻይ ስታቀርብ «ምን አስቀየምኳት?» እንዳይሉ አስቀድመህ ንገራቸው።

ወተትም ሕግ አለው። ያገባች ሴት የባሏን ቤት እርጎ (አማሲ) እንድትጠጣ በሥርዓት እስኪፈቀድላት አትነካውም፤ በወር አበባዋ ጊዜም ከከብቶቹ ወተት ትርቃለች፣ በበረትም አታልፍም። «ወተት ጠጪ» ብለህ በሰው ፊት አታስጨንቃት።

የምትሰማቸው ሌሎች ነገሮች፦ ነጎድጓድ ሲመጣ መስታወት ይሸፈናል፣ ሰው ጸጥ ይላል፣ መብረቁን የሚያመጣው ኢምፑንዱሉ የሚባል ወፍ ነው ይላሉ። አልጋ በጡብ ላይ ከፍ ብሎ ካየህ ቶኮሎሽ የሚሉት ክፉ መንፈስ እንዳይደርስ ነው። ቤት የገባ እባብ ስታይ ደግሞ ዱላ አታንሣ፣ መጀመሪያ ጠይቅ። ምፖንዶሚሴ ከሚባለው የጎረቤት ሕዝብ ወገን የሆኑት የማጆላ ጎሳ ሰዎች አንድን እባብ እንደ ቤተሰባቸው ያዩታል፣ አራስ ሊጠይቅ መጣ ይላሉ፤ በጋብቻ ብዙ ቤት ውስጥ አሉ።

---

ተዋሕዶ_ልጅ

ሁላችሁም ስለ ብቅልና ስለ ፍየል ጆሮ ታወራላችሁ። ለሙታን መንፈስ የታረደ ሥጋ ነው! የተጠመቀ ልጅ አፍ ላይ ሊደረግ? ቄስ ጠይቅ ወንድሜ፣ መድረክ አትጠይቅ።

---

ከምዚምቩቡ_ማዶ

ቄስ ይጠይቅ፣ ማንም አልከለከለውም። ግን ቄሱ ሊመልስለት የሚችለው የሚሆነው ምን እንደሆነ በትክክል ከነገረው ነው፤ «ድግስ አለ» ብሎ ከጠየቀ «ሂድ» ይባላል፣ «ለሰይጣን ይታረዳል» ብሎ ከጠየቀ «አትሂድ» ይባላል፣ ሁለቱም ጥያቄ የተሳሳተ ነው።

እነሱም ራሳቸው በዚህ ይከራከራሉ። በሉሲኪሲኪ አጠገብ ፓልመርተን የሜቶዲስት ሚሲዮን ነው፣ በፍላግስታፍ በኩል ሆሊ ክሮስ የአንግሊካን ነው። በእነዚያ ቤተ ክርስቲያኖች ያደጉ ቤተሰቦች ውስጥ ፍየሉን አርደው ሽማግሌው ጸሎት የሚያደርስ አለ፣ ሙታንን መጥራቱን ትቶ ማመስገን ብቻ የሚያደርግ አለ፣ ጭራሽ የማያደርግም አለ። ስለዚህ «እኛ በሃይማኖታችን ይህን አንበላም» ማለት ለእነሱ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ቀድሞ ከተነገረ። መጠጡ ሲደርስህ በሁለት እጅ ተቀብለህ ለቀጣዩ ማሳለፍ ትችላለህ፣ እጅህን መልሰህ መግፋት ግን ስድብ ነው።

ደግሞ ቀኑን ተመልከት። ድግሱ ሁሉ በዲሴምበር የሚሆነው ከጆሃንስበርግና ከማዕድን ማውጫው ሰው የሚመለሰው ያኔ ስለሆነ ነው። ያ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው፣ እስከ ገና ድረስ ሥጋ የለህም። «እኔ በዚህ ወር ሥጋ አልበላም» ማለት ከሁሉ የቀለለው ምክንያት ነው፣ እውነትም ነው። ባቄላና በቆሎው ቅቅል አይጠፋም፣ እሱን ብላ።

---

ባለሱቁ_ሉሲኪሲኪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽማግሌዎቹን ለቅዳሜ ላክሁ፣ የምላጩንም ነገር ባለቤቴ ለእናቷ ነግራለች። ሁለት ነገር ቀረኝ። ፍየሉ ባይጮህስ? እኔስ በዚያን ሰዓት የት ልቁም፣ የምናገረው ነገር አለ?

---

ከምዚምቩቡ_ማዶ

ባይጮህ ሽማግሌው ቆም አድርጎ እንደገና ይናገራል፣ የረሳው ስም ካለ ይጠራል፣ ቤቱ ውስጥ ያልተፈታ ቅሬታ ካለ ይነሣል። አንዳንዴ ያልተከፈለ ሎቦላ የሚነሣው በዚህ ሰዓት ነው፣ ለዚህ ነው ቅዳሜ የሚሄዱት ሽማግሌዎች የቀረው መቼ እንደሚከፈል ይናገሩ ያልኩህ። ሁለተኛ ሲነካ ብዙ ጊዜ ይጮኻል። ጭራሽ ዝም ካለ ሌላ ፍየል ሊባል ይችላልና በጎረቤት አንድ ተጨማሪ የሚሸጥ ሰው አስቀድመህ እወቅ።

አንተ ከበረቱ አጥር ውጪ፣ ከወንዶቹ ጋር፣ ኮፍያህን አውልቀህ ቁም። ልጁን የምትይዘው አንተ አይደለህም፣ የቤቱ ሰዎች ይይዙታል። ስልክህን አውጥተህ ቪዲዮ አትቅረጽ፣ መጀመሪያ አያትየውን ጠይቅ። ንግግር አይጠበቅብህም። ሰዉ «ካማጉ» ሲል አብረህ በል፣ ሲያልቅ ለአያትየው በጎሳ ስሙ «ኤንኮሲ» በለው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። የጎሳውን ስም ከባለቤትህ ዛሬ ማታ ተማር፤ ጠቅታ ካለበት እስከዚያ ድረስ ሱቁ ውስጥ ተለማመደው።

---

ጠማቂዋ

ብቅሉ ከአንድ ከረጢት ይሁን፣ ከሁለት ቦታ አትቀላቅል። ያረጀ ብቅል ካለበት ጥንስሱ ረቡዕ ማታ ድረስ ዝም ይላል፣ ያኔ ለዓርብ አይደርስልህም። እፍኝ አንሥተህ አሽትተው፣ ሻጋታ ከሸተተ ተወው።